«የሥጋ ቀለም» የማን ሥጋ ነው? ለጥቃቅን ቅርጾች ቆዳና ዕድሜ የመስጠት ጥበብ

ጅቡቲ ከተማ

የሽምብራ ፍሬ በምታህል ፊት ላይ የሰውን ቆዳ መሳል ይቻላል? ከፕላስቲክ፣ ከሬዚን ወይም ከብረት የተሠሩ ጥቃቅን የሰው ቅርጾችን ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ዘወትር የሚገጥማቸው ጥያቄ ይህ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የታሪክ ጦርነቶችን በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ ናቸው። ሌሎቹ ለሙዚየም የጦር ሜዳ ትዕይንት ያዘጋጃሉ። ብዙዎቹ ግን ማታ ማታ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር አድርገው ቀጭን ቡርሽ የሚይዙት ሥራውን ስለሚወዱት ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከጠርሙሱ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ታሚያ ኤክስ ኤፍ 15 የሚል መለያ የሰጠው፣ የብሪታኒያው ሃምብሮል ደግሞ 61 ቁጥር ብሎ የሚያውቀው ቀለም በስማቸው ሁለቱም «የሥጋ ቀለም» ናቸው። ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ነገሩ በዚህ ሙያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የአሜሪካው የልጆች ከለር አምራች ክራዮላ «ሥጋ» ይለው የነበረውን ቀለም ስሙን ለውጦ «ኮክ» ያለው እ.አ.አ በ1962 ነበር። የዓለምን ሕዝብ መልክ ይወክላሉ ያላቸውን 24 የቆዳ ቀለሞች በአንድ ሣጥን ያወጣው ደግሞ እ.አ.አ በ2020 ነው።

የዐድዋን ዘማች ለመቀባት የተቀመጠ ሰው በሮዙ ጠርሙስ ምንም ሊያደርግ አይችልም። በኋላ ለገበያ የቀረቡት «ጥቁር ቆዳ» የሚል መለያ ያላቸው ጠርሙሶችም ቢሆኑ ችግሩን አልፈቱትም፤ አንድ ቡናማ ቀለም ለአንድ አህጉር ሙሉ ሰጥተው ነው ያለፉት። የብሪታኒያዎቹ ወንድማማቾች ማይክልና አለን ፔሪ 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸውን የሱዳን ማህዲስት ተዋጊዎች ያመርታሉ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁት መተማ ላይ ከማህዲስት ጦር ጋር ሲዋጉ ነውና፣ ይህን ውጊያ በጠረጴዛ ላይ ለማሳየት የሚነሣ ሰው ሁለት አፍሪካዊ ሠራዊት ፊት ለፊት ያቆማል ማለት ነው። ሁለቱንም ከአንድ ጠርሙስ ከቀባቸው፣ በቀለም የተለየው ልብሳቸው ብቻ ይሆናል፤ ፊቶቹ ሁሉ አንድ ሰው ይመስላሉ።

ጅቡቲ ምን ታስተምራለች?

ይህን ጉዳይ ከጅቡቲ ከተማ ማየት ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ታሪክ ነው። ወደ ሸዋ ይገባ የነበረው የጦር መሣሪያ አንድ ዋና መንገድ ይኸው የባሕር ዳርቻ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ የጠመንጃ ጭነት ይዞ ከታጁራ የተነሣው እ.አ.አ በ1886 ነው። አማርኛ «ውጅግራ» የሚለው ጠመንጃ ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ፉዚል ግራ» ሲባል የሰማ ጆሮ ያበጀው ቃል ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከተማዋ ራሷ ናት። በቀድሞው ምኒልክ አደባባይ፣ በዛሬው የጁን 27 አደባባይ ለግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሶማሌውን፣ አፋሩን፣ የመናዊውን፣ ኢትዮጵያዊውን የከባድ መኪና ሾፌርና ፈረንሳዊውን ወታደር በአንድ ብርሃን ሥር ያያል። ብርሃኑ ምሕረት የለውም። እኩለ ቀን ላይ ከቅንድብ በታች ያለው ዐይን በጥላ ይሰወራል፤ ግንባርና ጉንጭ ያበራሉ። ለሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም። እግረ መንገዱንም አንድ ነገር ያስተውላል፦ የቆዳ ቀለም በብሔር አይደረደርም። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማቾች እንኳን አንድ ዓይነት መልክ የላቸውም።

አማርኛ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ሰውን ስንገልጽ የምንናገረው ስለ ዘር ሳይሆን ስለ አንድ ሰው መልክ ነው። ይህ መዝገብ ከፋብሪካው ጠርሙስ የበለጠ ለቀቢው ይጠቅመዋል ብል ማጋነን አይሆንም። የሳይንሱ መለኪያዎች ወደዚህ የደረሱት ዘግይተው ነው። የቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እ.አ.አ በ1975 ሲወጣ መነሻው ነጭ ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠው ምላሽ ነበር፤ ዛሬም ያለው ስድስት ደረጃ ብቻ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኤሊስ መንክ የሠራውን ባለ 10 ደረጃ መለኪያ ጉግል ይፋ ያደረገው እ.አ.አ በ2022 ነው። በነፃ ስለሚገኝ አትሞ ከጠረጴዛ አጠገብ መስቀል ይቻላል።

ቆዳ አንድ ቀለም አይደለም

የሰው ቆዳ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። ከላዩ ሜላኒን አለ፤ ከሥሩ ደም ይዘዋወራል። ወደ ቆዳው ከሚመጣው ብርሃን ጥቂቱ ከገጽታው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፤ ቀሪው ወደ ውስጥ ገብቶ የሜላኒኑንና የደሙን ቀለም ይዞ ይወጣል። ቆዳው ጠቆር ባለ መጠን ከውስጥ የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ ከላይ የሚነጥረው ጎልቶ ይታያል። ያ ነጸብራቅ ደግሞ የብርሃኑን ምንጭ ቀለም ይይዛል። ደጅ ላይ ከሆነ ሰማያዊ ነገር ይነካዋል፤ ኩራዝ አጠገብ ከሆነ ብርቱካናማ ይሆናል።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ መመሪያ ቀላል ነው። ቀላ ባለ ፊት ላይ ብርሃኑ ሰፊና ቀስ እያለ የሚደበዝዝ መሆን አለበት። በጥቁር ፊት ላይ ግን ብርሃኑ ትንሽ፣ ጠርዙ የለየና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ጥላው ደግሞ ሞቃት።

ብዙ ጀማሪዎች ለማድመቅ ነጭ፣ ለማጥቆር ጥቁር ይጨምራሉ። ቡናማ ላይ ነጭ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለመግለጽ አማርኛ ጥሩ ቃል አለው፤ አመዳም ይሆናል። ቅባት ያልነካው፣ ብርድ የመታው ቆዳ ይመስላል። ስለዚህ ለማድመቅ መጀመሪያ ቢጫ ኦከር ወይም ጥቂት ብርቱካናማ፣ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ብቻ የአሸዋ መልክ ያለው ፈዛዛ ቀለም ይጨመራል። ለጥላም ጥቁርን መተው ነው፤ ጥልቅ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከቡናማው ጋር ሲደባለቅ ከጥቁር የበለጠ ጥልቀት ይሰጣል።

ውድ ጠርሙስ መግዛት የግድ አይደለም። ለሥዕል ተማሪዎች ከሚሸጠው አክሪሊክ ቱቦ ቢጫ ኦከር፣ ቀይ ቡናማ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ጥልቅ ሰማያዊ፣ ቀይና ነጭ ካሉ ከቀይ እስከ ጥቁር ያለውን መልክ ሁሉ ማግኘት ይቻላል። ለቀይ ዳማ ሁለት እጅ ኦከርና አንድ እጅ ቀይ ቡናማ፣ ከነጭ ደግሞ በጣም ጥቂት። ለጠይም ቀይ ቡናማና ጥቁር ቡናማ እኩል በእኩል፣ ላዩ ላይ ኦከር ጣል አድርጎ። ለጥቁር፣ ጥቁር ቡናማው መሠረት ሆኖ ከሰማያዊው ጥቂት፣ ከቀዩ አንዲት ጠብታ። እነዚህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም፤ የቀለሙ ጥራት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ መጀመሪያ ወረቀት ላይ መሞከር ያሻል።

ቀለሙ እንደ ወተት እስኪሆን ድረስ በውሃ ይቀጥናል። የመጨረሻዎቹ ስስ ቅቦች ደግሞ ከዚያም ቀጥነው እንደ ሻይ መሆን አለባቸው፤ ቀለሙ ሳይሸፍን እንዲያጠይም። የአፍንጫ ጫፍ፣ የጆሮ ጠርዝ፣ የታችኛው ከንፈርና የጣት አንጓዎች ደም የሚቀርባቸው ቦታዎች ናቸውና በቀጭን ቀይ አንድ ጊዜ ማለፍ ፊቱን ሕያው ያደርገዋል። መዳፍና የውስጥ እግር በጠይምና በጥቁር ሰው ላይ ከቀረው አካል ይቀላሉ፤ ሁለቱ መልኮች የሚገናኙበት መስመር በእጅ ጎን ላይ ይታያል። ይህን መስመር የሚያስታውሱ ቀቢዎች ጥቂት ናቸው፤ የተሠራበት ቅርጽ ግን ወዲያው ይለያል።

ዐይንን በተመለከተ አንድ ስሌት ይበቃል። በ1 ለ35 መጠን የተሠራን ቅርጽ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስናይ፣ እውነተኛውን ሰው ከ10 ሜትር በላይ ርቀን እንደማየት ነው። ከዚያ ርቀት የማንም የዐይን ነጭ ተለይቶ አያበራም። ንጹሕ ነጭ የተቀባ ዐይን ቅርጹን ሁሉ የደነገጠ ያስመስለዋል፤ ፈዛዛ ቡናማ ያለበት ነጭ በቂ ነው።

ጎንደርና የተሳሳቱት ፎቶግራፎች

ፊትን በጥላና በብርሃን መቅረጽ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊው የጎንደር አሣሣል ፊቶች በአመዛኙ ገላጣና ደማቅ ነበሩ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተስፋፋው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ግን የቆዳውን ቀለም ደረጃ በደረጃ እያጠቆረ ጉንጭና አንገትን ድቡልቡል አስመሰለ። የዐድዋን ጦርነት የሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች ደግሞ ሌላ ትምህርት አላቸው። በእነዚህ ሥዕሎች ኢትዮጵያውያኑ በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን ይሣላል፤ የፊት አቀማመጥ ፍርድ ነው። ጥቃቅን ቅርጾችን የሚቀባ ሰው አቀማመጡን መምረጥ አይችልም፤ ፋብሪካው ወስኖለታል። በእጁ የቀረው ፍርድ ቀለም ብቻ ነው።

ታሪክን በትክክል መቀባት የሚፈልግ ሰው ወደ ፎቶግራፍ ይሄዳል፤ እዚያም ወጥመድ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥቅም ላይ የዋሉት የፎቶግራፍ መስተዋቶች ለቀይ ብርሃን እምብዛም ስሜት አልነበራቸውም። በዚህ ምክንያት ቀይነት ያለበት ቆዳ ሁሉ ከእውነተኛው ይበልጥ ጠቁሮ ወጣ። ቀይ ዳማው ጠይም፣ ጠይሙ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የቀለም ፊልም ሲመጣም ፈተናው አላበቃም። የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለምን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ጥቁር ቆዳ በፊልሙ ላይ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ኩባንያውን ጠቆር ያሉ ቀለሞችን ለይቶ ወደሚያሳይ ፊልም ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩበት ይነገራል፤ የምርታቸው ዓይነት በፎቶግራፍ አልለይ ብሏቸው። ስለዚህ የድሮ ፎቶግራፍ ለልብስና ለትጥቅ እንጂ ለቆዳ ቀለም ምስክር አይሆንም።

ጨው፣ ፀሐይና ዝገት

የሙያው ሁለተኛ ግማሽ ማስረጀት ነው። ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል ወታደር ማንንም አያሳምንም፤ ልብሱ መደብዘዝ፣ ብረቱ መዛግ፣ ጫማው መቆሸሽ አለበት። ለዚህም ጅቡቲ ትምህርት ቤት ናት። የባሕሩ ነፋስ የሚያመጣው ጨው እርጥበትን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ስለሚያደርገው ብረት ቶሎ ይበላል።

አዲስ አበባ እ.አ.አ በ1917 የደረሰው፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አሮጌው የባቡር መስመር መነሻው እዚህ ነበር። አዲስ አበቤዎች «ለገሃር» የሚሉት ሰፈር ስም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣውም በዚሁ ባቡር ነው። እ.አ.አ በ2016 እና 2017 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቆ ሥራ ሲረከብ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ለዝገት ተተዉ። እንዲህ ያለውን ፉርጎ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ዝገት ብርቱካናማ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። የቆየው ዝገት ጥቁር ቡናማ ነው፤ ብርቱካናማው በአዲስ ጠርዝና ውሃ በሚያቁርበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ነጠብጣቡ የሚነሣው ከብሎን ወይም ከመጋጠሚያ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ እየወረደ ይሳሳል። ዝገትን በየቦታው የሚረጭ ቀቢ ፉርጎውን በሽታ የያዘው ያስመስለዋል።

ቀቢዎች የተላጠ ቀለምን ለማስመሰል ራሱን ጨውን ይጠቀማሉ። መጀመሪያ ብረቱ የዝገት ቀለም ይቀባና ይደርቃል። ከዚያ በውሃ ረጠብ ተደርጎ የገበታ ጨው ይነሰነስበታል። ጨው ሲደርቅ ዋናው ቀለም በላዩ ይረጫል፤ በመጨረሻም ጨው በቡርሽ ሲነሣ ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ጨው ለዚህ ያገለግል እንደሆን የሚጠይቅ ካለ፣ ይሠራል፤ ግን ጥሩ ተደርጎ መፈጨት አለበት። የጨው ፍሬ ከቅርጹ ጣት ከበለጠ የሚላጠው ቀለም ሳይሆን ግድግዳ ይመስላል።

ፀሐይ ደግሞ የምትሠራው ከላይ ወደ ታች ነው። ትከሻ፣ የቆብ አናትና የጉልበት ላይ ጨርቅ ቀድመው ይደበዝዛሉ፤ ብብትና የልብስ እጥፋት የመጀመሪያውን ቀለም ይዘው ይቆያሉ። ቀይ ቀለም ቶሎ ይሸሻል፤ ለብዙ ዓመት ፀሐይ ላይ የዋለ የሱቅ ማስታወቂያ ሰማያዊው ብቻ የሚቀርለት ለዚህ ነው። በዐድዋ ከጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ጋር የተሰለፉትን የኤርትራ አስካሪዎች የሚቀባ ሰው ቀዩን ታርቡሽ አናቱ ላይ ትንሽ ቢያፈዝዘው ወራት የተጓዘ ወታደር ያገኛል።

አቧራ በማን ላይ እንዴት ይታያል?

እስካሁን የተነገሩት ሁለቱ ጉዳዮች፣ ቆዳና ማስረጀት፣ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። በስፋት የሚገኙት የማስተማሪያ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች በአመዛኙ ነጭ ፊትን ያሰቡ ናቸው። ፊትን ለማቆሸሽ ቀጭን ቡናማ አፍስሱበት ይላሉ። በነጭ ሰው ላይ ትክክል ነው። በጠይም ሰው ላይ ግን ያ ቡናማ ከቆዳው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፤ ሰውዬው ቆሸሸ ሳይባል ጠቆረ ብቻ ይባላል።

በጠቆረ ቆዳ ላይ አቧራ የሚታየው ቀልቶ ነው። ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ቁርጭምጭሚቱና ቅልጥሙ አመድ የነካው ይመስላል፤ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ይገረጣሉ፤ ላብ የወረደበት መስመር ደግሞ ጠቁሮና አብረቅርቆ ይታያል። ቀደም ሲል ስሕተት ያልነው አመዳምነት እዚህ ላይ፣ በቦታው፣ እውነት ይሆናል። ልዩነቱ ከቆዳው ቀለም ጋር አለመደባለቁ ነው፤ ቆዳው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በደረቅ ዱቄት ቀለም ከላይ ይነካል እንጂ።

የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር፤ በጋ ነው። ስለዚህ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የተለጠፈበት የዐድዋ ዘማች፣ አሠራሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የተሳሳተ ነው። ከኢትዮጵያ ወገን የዘመተው አብዛኛው ሰው በባዶ እግሩ ነበር፤ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ እስከ ባቱ አቧራ የለበሰ። የነጭ ሸማ እርጅናም ግራጫ አይደለም። ጥጥ በላብና በጢስ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጠርዙ ደግሞ የሀገሩን አፈር ቀለም ይይዛል። የውጅግራው ሰደፍ እጅ በሚያርፍበት ቦታ በወዝ ይጠቁራል፤ የብረቱ ጠርዝ በሚነካካበት ቦታ ይነጣል። ለዚህ ተራ እርሳስ ይበቃል፤ ጫፉን ጠርዙ ላይ ማሻሸት ብቻ ነው።

በተቃራኒው ወገን ያለው ጣሊያናዊ ወታደር በዚያ ፀሐይ ሮዝ ሆኖ አይቆይም። አፍንጫው፣ የጆሮው ጫፍና ማጅራቱ ይቀላሉ፤ ከቆቡ ሥር ያለው ግንባር ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የፋብሪካው «የሥጋ ቀለም» ለእርሱም አይሆነውም ማለት ነው።

ሙቀቱን እንዴት ይችሉታል?

በጅቡቲ በጋ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት፣ አክሪሊክ ቀለም ቡርሽ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ድሬዳዋም ሆነ ሰመራ ያለ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። መፍትሔው እርጥብ ገበታ ነው። ክዳን ባለው ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ በውሃ የራሰ ስፖንጅ ይነጠፋል፤ በላዩ ለኬክ መጋገሪያ የሚሆነው ወረቀት ይደረጋል፤ ቀለሙ የሚደባለቀው ወረቀቱ ላይ ነው። ውሃው ጨዋማ ከሆነ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ስለሚተው የተጣራ ውሃ ይመረጣል። ስፖንጁ በሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት በየጥቂት ቀኑ መታጠብ አለበት።

የሚረጭ መደብ ቀለም በእኩለ ቀን አይሞከርም። ሙቀቱ ጠብታውን አየር ላይ ያደርቀውና ቅርጹ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ማለዳ ይሻላል፤ ነገር ግን እርጥበቱ ከበዛ ደግሞ የማያብረቀርቀው ቫርኒሽ እንደ ጉም ይነጣና የተለፋበትን ጥቁር ፊት መልሶ አመዳም ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ቀን ቫርኒሹን ከመርጨት በቡርሽ መቀባት ይመረጣል። ለልብሱ ፈጽሞ የማያብረቀርቀው፣ ለቆዳው ጥቂት ወዝ ያለው ዓይነት፤ ለዐይኖቹና ለታችኛው ከንፈር ብቻ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ።